ሞተር ከመግዛታችሁ በፊት መለዋወጫ ሱቅ ግቡ

ሞተር ሊገዛ ያሰበ ሰው ሲያገኘኝ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ስንት ሲሲ ይሻለኛል?» ብሎ ነው፤ ሲሲ የሞተሩ ሲሊንደር መጠን ነው፣ ሲበዛ ጉልበቱም ይበዛል። ቀጥሎ «ነዳጅ የማይበላው የትኛው ነው?» ይላል። ደህና ጥያቄዎች ናቸው። እኔ ግን መልስ ከመስጠቴ በፊት በየቀኑ የሚሄድበትን መንገድ እጠይቀዋለሁ። እዚሁ ጅማ ከተማ ውስጥ ከፈረንጅ አራዳ መርካቶ ደርሶ የሚመለስ ሰውና ከጅማ ወጥቶ ሰቃ ድረስ የሚመላለስ ሰው አንድ ዓይነት ሞተር አያስፈልጋቸውም።

እኔ መምህር ነኝ። ቤቴ ጅማ፣ ቆጪ ሰፈር ነው። የማስተምርበት ትምህርት ቤት ደግሞ ከከተማ ወጥቶ በሰቃ ጨቆርሳ መንገድ ነው፤ ደርሶ መልሱ 40 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይሆናል። አብዛኛው አስፋልት ነው። ከአስፋልቱ ወደ ትምህርት ቤቱ የሚያስገባው ግን ቀይ አፈር ነው፤ ክረምት ላይ ምን እንደሚሆን ጅማን የሚያውቅ ያውቀዋል። ሞተር ሳልገዛ በፊት ባጃጅ ይዤ መናኸሪያ እሄዳለሁ፣ ሚኒባስ እስኪሞላ እጠብቃለሁ፣ ከዚያ ወርጄ በእግሬ እገባለሁ። ትራንስፖርቱ ከደመወዜ ላይ የሚያነሳው ገንዘብ ቀላል አልነበረም። ከገንዘቡ ይልቅ የሚከብደኝ ግን ጊዜው ነበር። በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ተማሪ እኔን ይጠብቃል፣ እኔ መኪና እጠብቃለሁ። ይህን የምጽፈው እንደኔ ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚገባ ሠራተኛ፣ ነርስም ይሁን ነጋዴ፣ ለዕለት ሥራው የሚመቸውን ሞተር እንዲያገኝ ነው። ለፍጥነት የሚገዛ ሰው ከዚህ ጽሑፍ ብዙ አያገኝም።

ሞተር ከማየቴ በፊት መርካቶ ያሉትን መለዋወጫ ሱቆች ዞርኩ። ይህን ምክር የሰጡኝ ለብዙ ዓመት ሞተር የነዱ አንድ አንጋፋ የሥራ ባልደረባዬ ናቸው። «ሞተሩ ይቆይህ፤ መጀመሪያ ዕቃውን ጠይቅ» አሉኝ። ቶሎ ቶሎ የሚያልቁትንና የሚሰበሩትን ነገሮች በወረቀት ጻፍኩ፤ የፍሪሲዮን ሸራ፣ የፍሪሲዮንና የጋዝ ገመድ፣ ሰንሰለት ከነጥርሱ፣ የፍሬን ሸራ፣ ካንዴላ (ነዳጁን የሚለኩሰው)፣ ከመነዳሪ፣ ፍሬቻ፣ ስፖኪዮ። ከዚያ በየሱቁ እየገባሁ የሦስት አራት ዓይነት ሞተር ዕቃ ዋጋ ጠየቅሁ።

ልዩነቱ ወዲያው ታየኝ። ለቦክሰርና ለመሰሎቹ የህንድ ሞተሮች ሁሉም ዕቃ እዚያው መደርደሪያው ላይ አለ፤ ኦሪጅናሉም፣ ረከስ ያለውም። ለሌሎቹ መልሱ «ከአዲስ አበባ ላስመጣልህ እችላለሁ» የሚል ነበር። አዲስ አበባ ከጅማ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ዕቃው ተጭኖ እስኪመጣ ሞተሩ ይቆማል። ሞተሩ በቆመ ቁጥር ደግሞ እንደገና ባጃጅና ሚኒባስ ነው። ይህ ወጪ ሻጩ በሚነግራችሁ ዋጋ ውስጥ የለም።

ሱቆቹን ከጨረስኩ በኋላ አንድ የቆዩ መካኒክ ጋ ሄድኩ። «ጋሼ፣ እርስዎ ጋ ብዙ ጊዜ የሚመጣው የትኛው ነው?» አልኳቸው።

«ብዙ የሚመጣውማ ከተማው ውስጥ ብዙ ያለው ነው፣ ቲቸር። እሱ ጠዋት ገብቶ ከሰዓት ይወጣል። እኔን የሚያስቸግረኝ ዕቃ አጥቼለት ግቢዬ ውስጥ ሣር የሚበቅልበት ነው» አሉኝ።

ጥጉ ላይ የቆሙትንም አሳዩኝ። መልካቸው ያማረ፣ ገና ብዙ መሥራት የሚችሉ ሞተሮች ናቸው። አንዱ የጎደለው ነዳጅና አየር የሚቀላቅለው የካርቡሬተር አንዲት ትንሽ ዕቃ ነበረች። እኔ የሞተር ዓይነት የመረጥኩት እዚያ ግቢ ውስጥ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ስለዚህ ሞተር ልትገዙ ስትሉ ለራሳችሁ ይህን ጠይቁ፦ ሰፈሬ አጠገብ ያለው መካኒክ ይህን ሞተር ፈቶ ይገጥመዋል? ዕቃውንስ በዚያው ቀን አገኛለሁ? ሁለቱም መልሶች «አዎ» ካልሆኑ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ተዉት።

በመጨረሻ የገዛሁት ቦክሰር 150 ነው። ሌላው አይረባም እያልኩ አይደለም። ቲቪኤስ ኤችኤልኤክስም በተመሳሳይ አሠራር የተሠራ ነው። የምትፈልጉት አንድ ሲሊንደር ያለው፣ ፎር ስትሮክ የሆነ፣ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ አሠራሩ ያልተወሳሰበ ሞተር ነው። ራዲያተር ያለው፣ በፕላስቲክ የተሸፋፈነ ሞተር ለዓይን ይማርካል። አንድ ጊዜ በጭቃ ሲወድቅ ግን የሚሰበረው ፕላስቲክ ብቻውን የወር ነዳጅ ሊያሳጣችሁ ይችላል።

አሁን ወደ ሲሲ ልመለስ። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,750 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ይሳሳል፤ ግፊቱ ከባሕር ዳርቻ ጋር ሲነጻጸር አንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል። ካርቡሬተር ያለው ሞተር የሚያገኘው አየር ሲያንስ ጉልበቱም ወደዚያው በተጠጋ መጠን ይቀንሳል። ስለዚህ ፋብሪካው በወረቀት ላይ የጻፈውን የፈረስ ጉልበት ሙሉ በሙሉ እዚህ አታገኙትም። 100 ሲሲ ለብቻው ለሚሄድ፣ ከተማ ውስጥ ለሚውል ሰው በቂ ነው። ሰው ከኋላ ጭኖ ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወጣውን ዳገት ሲይዝ ግን ማርሽ እየቀነሰ፣ እያቃሰተ ነው የሚወጣው። ከ125 እስከ 150 ያለው ለእኛ አገር ዳገትና ለሁለት ሰው ልክ ነው። ከዚያ በላይ ለዕለት ምልልስ አስፈላጊ ሆኖ አላየሁትም።

ስለ ነዳጅ ብዙ ሰው የሚያስበው በተገላቢጦሽ ነው። ቀለል ያለ 100 ሲሲ በጥሩ ሁኔታ ከተያዘ በሊትር 55 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይሄዳል። የእኔ 150 በሊትር 45 አካባቢ ይሄዳል። እኔ በወር ሥራ ቀን ብቻ ወደ 880 ኪሎ ሜትር እነዳለሁ እንበል። በ100 ሲሲ 16 ሊትር፣ በ150 ደግሞ ወደ 20 ሊትር መሆኑ ነው። ልዩነቱ በወር 4 ሊትር ነው። ለዚህ ሲባል ዳገት ላይ መቸገር አያዋጣም። በሌላ በኩል በሊትር 30 ብቻ የሚሄድ ከበድ ያለ ሞተር ለዚያው መንገድ 29 ሊትር ይጨርሳል። ያ በየወሩ የሚሰማ ገንዘብ ነው። እናም በትንንሾቹ መካከል ስትመርጡ ነዳጅ አያስጨንቃችሁ፤ ወደ ትልልቆቹ ስትሄዱ ግን ቁጭ ብላችሁ አስሉት።

ሻጭ «በሊትር 70 ይሄዳል» ሲላችሁ ራሳችሁ ለኩት። የነዳጅ መያዣውን፣ ሳልባትዮውን፣ እስከ አፉ ሙሉት፤ የቆጣሪውን ኪሎ ሜትር መዝግቡ። እንደወትሮው ንዱ። ከዚያ እዚያው ማደያ ሄዳችሁ እንደገና እስከ አፉ ሙሉት። የሄዳችሁትን ኪሎ ሜትር በገባው ሊትር አካፍሉት። ውጤቱ በድንገት ከወረደ ሞተሩ የሆነ ነገር እየነገራችሁ ነው። ብዙ ጊዜ የአየር ማጣሪያው ቆሽሿል፣ ፍሬኑ ጎማውን ይዞታል፣ ወይም ጎማው ንፋስ አንሶታል። ካርቡሬተሩም መስተካከል ሊያስፈልገው ይችላል። ከፍታ ላይ ነዳጅ የማብዛት ጠባይ አለው። ካንዴላውን ፈታችሁ እዩት፤ ጫፉ ጥቁር ጥላሸት ከያዘ ነዳጅ በዝቷል። ደህናው በስሱ የተቆላ ቡና ዓይነት ፈካ ያለ ቡናማ ነው።

የሳልባትዮው መጠንም መታየት አለበት። የእኔ 11 ሊትር ይይዛል፤ አንዴ ከሞላ በሥራ ቀን ከሁለት ሳምንት በላይ ያስኬደኛል። ቤንዚን ሲጠፋና ማደያ ላይ ሰልፉ ሲረዝም የዚህ ጥቅም በደንብ ይገባችኋል። ሰልፍ ላይ ስልካችሁ ቻርጅ ይኑረው፤ ክፍያው እንደ ቴሌብር ባለ የስልክ መክፈያ ስለሆነ ተራ ደርሶ ስልክ ከጠፋ ያናድዳል። መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን ቤንዚን ካልጨነቀኝ በስተቀር አልቀዳም። ዋጋው ይወደዳል፤ ምን እንደተቀላቀለበትም አይታወቅም። ውኃ ወይም ላምባ የገባበት ነዳጅ ካርቡሬተር ያስጠርጋል፤ የማስጠረጊያው ዋጋ ሲጨመርበት ሰልፉ ይሻል ነበር ያሰኛል።

አሁን ወደ ምቾት እንምጣ። እኔ ምቾትን ከወጪ ለይቼ አላየውም። ጀርባውን የሚያመው ሰው ሞተሩን ቤት አቁሞ ባጃጅ መያዝ ይጀምራል። አንድ ጓደኛዬ የስፖርት ቅርጽ ያለው፣ ወደ ፊት የሚያስጎነብስ ሞተር ገዝቶ ነበር። ቆንጆ ሞተር ነው፤ ከተማ ውስጥ ለአጭር መንገድ ምንም አይልም። እሱ ግን በየቀኑ ከጅማ ውጭ ወዳለችው ሰርቦ ይመላለስ ነበር። የእጁ አንጓና ወገቡ አላስቀምጥ ሲለው ከገዛበት ዋጋ አሳንሶ ሸጠው። የምቾት ጉዳይ እንዲህ ነው ወደ ኪስ የሚገባው።

ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ሞተሩ ላይ ስትወጡ ቶሎ አትውረዱ። አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ቁጭ በሉበት፤ ሻጩ ምንም አይልም። ሁለቱም እግሮቻችሁ መሬት ይደርሳሉ? ጣት ብቻ መድረሱ አይበቃም። በጭቃ ላይ ሞተር ሲንሸራተት የሚያድናችሁ ሙሉ ረግጣችሁ መቆማችሁ ነው። አጠር ያለ ሰው ከፍ ባለ ሞተር ላይ በደረቅ አስፋልት ይችል ይሆናል፤ ሐምሌ ላይ ግን ይከብደዋል። ክርናችሁ ትንሽ ታጥፎ መሪውን መያዝ ይችላል? ጉልበታችሁ ከመጠን በላይ አልታጠፈም? ወገባችሁ ቀጥ ብሏል? የእግር መርገጫው ከጉልበታችሁ በታች፣ ትንሽ ወደ ፊት ከሆነ ለረጅም መንገድ ደህና ነው። ወደ ኋላ ከሄደ ሰውነታችሁን ወደ እጃችሁ ይገፋዋል።

ከዚያ ለመሞከር ንዱት። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ላይ ስትደርሱ በስፖኪዮው ከኋላ ያለውን መኪና ተመልከቱ። መኪናው ጥርት ብሎ ከታየ ንዝረቱ ደህና ነው። ከደበዘዘና ከተንቀጠቀጠ ያ ንዝረት በእጃችሁና በመቀመጫችሁም እየገባ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ስትነዱ ጣታችሁ ይደነዝዛል። በተጨማሪ ሞተሩ ጠፍቶ እያለ በእጃችሁ ግፉት፣ ዞር አድርጉት፣ በዋናው ማቆሚያ ላይ አውጡት። በየቀኑ ግቢ ስታስገቡና ስታስወጡ የምታደርጉት ይህንኑ ነው። ክብደቱ ከ110 እስከ 125 ኪሎ ያለ ሞተር አብዛኛው ሰው ይችለዋል፤ ከወደቀም ብቻውን ያነሳዋል።

መቀመጫው ረጅምና ጠፍጣፋ ይሁን። ወደ ኋላ ከፍ እያለ የሚሄደው ዓይነት ከኋላ የሚቀመጠውን ሰው በነጂው ጀርባ ላይ ይጥለዋል። ባለቤቴን አስቀምጬ ስንሄድ ለእሷ የሚመች መሆኑን የጠየቅኳት ከመግዛቴ በፊት ነው፤ እናንተም ጠይቁ። የምትይዘው የኋላ ብረት አለ? የእግር ማሳረፊያዋ ከማርሚታው (ከጭስ ማውጫው) ራቅ ይላል? እዚህ ከተማ ብዙ ሴቶች ረጅም ቀሚስ፣ ነጠላ ወይም ሂጃብ ይለብሳሉ። ጨርቅ ሰንሰለት ወይም ጎማ ውስጥ ከገባ የሚከተለው አደጋ ከባድ ነው። ሰንሰለቱ ሙሉ መሸፈኛ ያለው ሞተር ምረጡ። አንዳንድ የህንድ ሞተሮች በግራ በኩል በኋላ ጎማው ላይ የብረት መከለያ ይዘው ይመጣሉ። የተሠራው ለረጅም ልብስ ተብሎ ነው። እዚህ ብዙ ሰው «መልኩን ያበላሸዋል» ብሎ አውልቆ ይጥለዋል። እባካችሁ አትጣሉት።

አንዳንድ ትናንሽ ነገሮችም አሉ። በጣትና በተረከዝ የሚረገጥ የማርሽ ፔዳል የጫማችሁን አፍንጫ አይበላም፤ ጫማ ጠርጎ ክፍል ለሚገባ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በሴልፍም በእግርም የሚነሳ ይሁን። በእርጥብ ጠዋት ባትሪ ሲደክም እግር ታወጣችኋለች። መንገጫገጩን የሚያለዝበው የኋላው አሞርዛተር ጥንካሬው የሚስተካከልበት ጥርስ አለው፤ ሁለት ስትሆኑ አጥብቁት፣ ብቻችሁን ስትሆኑ አላሉት። ብዙ ሰው ይህ መኖሩን እንኳ ሳያውቅ ዓመት ይነዳል።

ክረምቱን አስባችሁ ነው መግዛት ያለባችሁ። ጅማ ዝናቧ ከሌላው አገር ቀድሞ ይገባል፤ ዘግይቶም ይወጣል። ሞተር የሚሸጥበት ሱቅ በር ላይ ያለው መንገድ ደረቅ ስለሆነ አትታለሉ። ፓራፋንጎው (የጭቃ መከላከያው) ከጎማው ጋር በጣም የተጠጋ ከሆነ ቀዩ ጭቃ መሐል ገብቶ ይጠቀጠቅና ጎማው አልዞርም ይላል። ወርዶ በእንጨት እየፈነቀለ የሚሄድ ሰው በየክረምቱ አያለሁ። የሞተሩ ሆድም ከመሬት ከፍ ያለ ይሁን። ጎማው ጠርዙ ላይ ጥርስ ያለው፣ ለአስፋልትም ለአፈርም የሚሆን ዓይነት ቢሆን ይመረጣል። ሙሉ ለሙሉ የገጠር ጎማ አስፋልት ላይ ቶሎ ያልቃል፤ እርጥብ አስፋልትም ላይ ይንሸራተታል።

ፍሬን ላይ ጨክኑ። የፊት ፍሬኑ ዲስክ የሆነ ሞተር ዝናብ ላይ የተሻለ ይይዛል። ከበሮ ፍሬን ውኃ ከገባበት ለጥቂት ጊዜ ይሰንፋል፤ ጎርፍ ካቋረጣችሁ በኋላ እየነዳችሁ ቀስ ብላችሁ ያዝ ለቀቅ አድርጉት፣ ይደርቃል። ብዙ ሞተረኛ የፊቱን ፈርቶ በኋላው ብቻ ይቆማል። አስፋልት ላይ ሞተሩን በዋናነት የሚያቆመው የፊቱ ነው፤ ሁለቱን አንድ ላይ፣ ሳታስደነግጡ ያዙ። ጭቃ ላይ ደግሞ የፊቱን ተዉት። ባጃጅ ሰው ለማንሳት ምልክት ሳያሳይ ቀጥ ስለሚል ከኋላው ተጠግታችሁ አትንዱ።

በየወረዳው ቀበሌ የሚዞር የግብርና ወይም የጤና ባለሙያ ከሆናችሁ የኔ ምርጫ ላይበቃችሁ ይችላል። ለእናንተ ያማሃ ኤጂ 100ና ዲቲ የመሳሰሉት ናቸው የታወቁት። ጠንካሮች ናቸው። ኤጂ ሰንሰለቱ ሙሉ ለሙሉ የተከደነ ስለሆነ ጭቃ አያገኘውም። ከመሥሪያ ቤት በጨረታ ሲወጡ ዋጋቸውም ያጓጓል። ግን ኤጂ 100ና ዲቲ 125 ቱ ስትሮክ ናቸው፤ ከቤንዚን ጋር የራሳቸውን ዘይት ያቃጥላሉ። ነዳጅም ከፎር ስትሮኩ ይልቅ ይፈልጋሉ። መለዋወጫቸውም ውድ ነው። መሥሪያ ቤት ነዳጅ ሲሞላላቸውና ራሳችሁ ስትሞሉላቸው አንድ አይደለም። አስፋልት ላይ ለሚመላለስ ሰው አልመክራቸውም።

የኤሌክትሪክ ሞተርም አሁን ጥያቄ ሆኗል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የሰው ዓይን ወደ ኤሌክትሪክ ዞሯል። ቤታችሁና ሥራችሁ ከተማ ውስጥ ከሆነ በእውነት ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ሰልፍ የለም፣ ዘይት የለም፣ ድምፅ የለም። ከመግዛታችሁ በፊት ባትሪው ሊድ አሲድ ነው ወይስ ሊቲየም ብላችሁ ጠይቁ። ሊድ አሲዱ ይከብዳል፤ ዕድሜውም አጭር ነው። አዲስ ባትሪ ስንት እንደሆነና ማን እንደሚሸጠው በዚያው ዕለት አረጋግጡ፤ ለነዳጁ ሞተር መለዋወጫ ሱቅ እንደምትዞሩት ማለት ነው። «በአንድ ቻርጅ ይህን ያህል ይሄዳል» የሚባለው ለሜዳ፣ ለአንድ ሰው፣ ለዝግታ ነው። ዳገትና ሁለተኛ ሰው ሲጨመር ብዙ ይቀንሳል። እኔ መብራት ጠፍቶ ሲያድር ጠዋት ትምህርት ቤት መድረስ ስላለብኝ ለጊዜው በቤንዚን ቆይቻለሁ።

ያገለገለ ለመግዛት ያሰባችሁ ሻጩን «ሳታስነሳው ጠብቀኝ» በሉት። ስትደርሱ መጀመሪያ ሞተሩን በእጃችሁ ንኩ። ሞቆ ካገኛችሁት አስቀድሞ አስነስቶታል፤ ቀዝቅዞ ሲነሳ ያለውን ችግር ሊሸፍን ይሆናል። ሌላ ቀን እንድትመለሱ ጠይቁ። ሲነሳ ጭሱን እዩ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ ነው ማለት ነው፤ ሞተሩ ሊፈታ ነው። ጥቁር ከሆነ ነዳጅ በዝቶበታል፤ ይህ በቀላሉ ይስተካከላል። ጠዋት ላይ ለአፍታ የሚታይ ነጭ ጭስ እርጥበት ነው፣ አያስፈራም። የኋላውን የሰንሰለት ጥርስ እዩ፤ ጫፉ ሾሎ ወደ አንድ ጎን ከተቀለበሰ ሙሉውን ትቀይራላችሁ። የፊት ጎማውን ከፍ አድርጋችሁ መሪውን ግራና ቀኝ አዙሩ፤ መሐል ላይ ጎርበጥ ካለ የመሪው ኩሽኔታ አልቋል። ቀጥ ባለ መንገድ ስትነዱት ወደ አንድ ጎን የሚስብ ሞተር ተጋጭቶ ሊሆን ይችላል። ቆጣሪውን አትመኑት፤ የመርገጫው ጎማ ምን ያህል እንደተላጨ ከቆጣሪው ይልቅ እውነቱን ይናገራል። መካኒካችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ የምትከፍሉት ትንሽ ነው።

ወረቀቱን በተመለከተ አትቸኩሉ። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ሊብሬው ላይ ካለው ጋር አንድ በአንድ ይመሳከር። ቁጥሩ የተፋቀ ወይም እንደገና የተመታ ከመሰለ እዚያው ተዉት። ከቀረጥ ነፃ ገብቶ ቀረጡ ያልተከፈለበት ሞተር ስሙ አይዞርላችሁም። ደላላው «በውክልና ንዳው፤ ስሙ ቀስ ብሎ ይዞራል» ቢላችሁ አትስሙት፤ ገንዘቡና ስም ማዞሩ አብረው ይለቁ። የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ግዴታ ነው። ወደፊት ወደ አዲስ አበባ የመዛወር ሐሳብ ያለው ሰው ደግሞ እዚያ በ2011 ዓ.ም. የሞተር ክልከላ ወጥቶ እንደነበር አስታውሶ ደንቡን አስቀድሞ ይጠይቅ።

በጀት ስታወጡ ሄልሜቱን ከሞተሩ ጋር አንድ ላይ አስቡት። ሁለት ይሁን፤ አንዱ ለነጂው፣ አንዱ ከኋላ ለሚቀመጠው። አገጭን ጭምር የሚሸፍነውን ግዙ። ስታስሩት ጭንቅላታችሁን ስትነቀንቁ አብሮ የሚነቀነቅ እንጂ የሚላወስ አይሁን። ወድቆ የተመታ ሄልሜት ባይሰነጠቅም ውስጡ ይጎዳል፤ ስለዚህ ያገለገለ አትግዙ። ሕፃን ልጅ ሳልባትዮ ላይ አስቀምጦ ትምህርት ቤት የሚያደርስ ወላጅ ባየሁ ቁጥር ልቤ ይሰጋል። ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ይህን ተዉት። ለዝናቡ ሱሪና ጃኬቱ የተለያየ የዝናብ ልብስ፣ ቦቲ ጫማና ለደብተር የሚሆን ውኃ የማያስገባ ቦርሳ ይኑራችሁ። ካፖርት ዓይነቱ የዝናብ ልብስ በነፋስ እየተገለበጠ ጉልበትን ያስመታል።

አዲስ ከገዛችሁ ለመጀመሪያዎቹ 1,000 ኪሎ ሜትሮች ሞተሩን አታስጩኹት። በአንድ ፍጥነት ብቻም ለረጅም ጊዜ አትንዱት፤ ዘይቱን ደግሞ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ቀይሩ። የመጀመሪያው ዘይት የብረት ብናኝ ይዞ ይወጣል። ከዚያ በኋላ እኔ በየ2,000 ኪሎ ሜትሩ እቀይራለሁ። 20 ደብልዩ 50 ዘይት አንድ ሊትር አካባቢ ነው የሚገባው፤ ከታወቀ ሱቅ፣ ክዳኑ ያልተከፈተ ዕቃ እገዛለሁ። በበጋ አቧራው ስለሚበዛ የአየር ማጣሪያውን ቶሎ ቶሎ አራግፋለሁ። ሰንሰለቱን ጭቃ በነካው ቁጥር አጥቤ፣ ደርቆ ሲያልቅ ንጹሕ ዘይት እቀባዋለሁ። ከሞተር የወጣ ጥቁር ዘይት የሚቀቡ አሉ፤ ውስጡ ያለው ብናኝ ሰንሰለቱን ይበላዋል። ሲላላ ደግሞ ወደ ላይና ወደ ታች ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ብቻ እንዲንቀሳቀስ አድርጌ አጠብቀዋለሁ። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ከሞተሩ ጋር የሚመጣው የመፍቻ ቦርሳ ነው። ስትረከቡ መቀመጫው ሥር መኖሩን እዩ፤ ከሌለም እዚያው ጠይቁ።